ሁለት ማንኪያ አረንጓዴ ዘይት

ታኅሣሥ ሦስት ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሕሉፍ አይሱዙውን ቆቦ አስፋልት ዳር አቆመና ወረደ። ሰዓቱን አይረሳውም፤ አንድ ቪዲዮ ለአራተኛ ጊዜ ሊያይ ስልኩን ሲከፍት አይቶታል። በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዟል። ውስጡ ያለው ግን ውሃ ሳይሆን አረንጓዴ፣ ወፍራም ዘይት ነበር።

የታላቅ እህቱ የአልጋነሽ ቤት ከተማው አልቆ የማሽላው ማሳ የሚጀምርበት ጋ ነው። አልጋነሽ ቲማቲምና ሽንኩርት ትነግዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የስምንት ዓመት ልጇን ፌቨንን ብቻዋን ታሳድጋለች። ፌቨንን የሚጥል በሽታ ከያዛት አራት ዓመት ሆኗታል። ኪኒኗን ማታ ማታ ትወስዳለች፤ ሕመሙ ቀነሰላት እንጂ አልተዋትም።

መስኮቱ ላይ አንድ ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ተቀምጧል። ባዶ ነበር ማለት ይሻላል። አልጋነሽ ማታ ማታ አንድ የማሽላ ፍሬ ትጨምርበታለች፤ ልጅቷን ያልጣላት ቀን ነጭ፣ የጣላት ቀን ቀይ። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት «በወር ስንት ጊዜ ይጥላታል?» ብለዋት «ብዙ ጊዜ» ብላ መለሰች። «ብዙ ስንት ነው?» ሲሏት አፈረች። ብርጭቆው ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ነው።

ሕሉፍ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ቀይ ፍሬ የምታስቀምጪበት ቀን አበቃ» አላት።

«ደግሞ ምን አመጣህ? ባለፈው ማር ነው ያልከው የስኳር ውሃ ነበር።»

ጋዜጣውን ፈታ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሀሺሽ ቅጠል ነው። በኑግ ዘይት አስፈልቼው ነው የመጣሁት።»

«ሀሺሽ! ለልጄ ሀሺሽ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ራዊያ ትሰማለች!»

«ሰምቻለሁ!» አለች ጎረቤታቸው ራዊያ ከአጥሩ ማዶ።

ሕሉፍ ስልኩን ለእህቱ ዘረጋላት። ቪዲዮው ላይ አንዲት የፈረንጅ ልጅ ወለል ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። እናቷ የቅጠል ሥዕል ካለበት ትንሽ ጠርሙስ ምላሷ ላይ ታንጠባጥብላታለች። ከዚያ ልጅቷ ብስክሌት ስትነዳ ይታያል። አልጋነሽ ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇ ወደ ማንኪያው ሄደ። ሕሉፍ ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ስለ እህቱ ሲያወራ ይህቺን አይዘላትም። ማንኪያውን ያነሳችው ልጇ እንድትድንላት ከማንም በላይ ትፈልግ ስለነበር ነው። ያስቀመጠችውም ስለዚሁ ነው።

«ስንት ነው የሚሰጣት?» አለችው።

«ትንሽ ትንሽ ነዋ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እንግዲህ... ግማሽ ማንኪያ። አንድ ማንኪያ።»

ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠች። «ኪኒኗ በኪሎዋ ተሰልቶ ነው የተሰጣት። ይሄን ማን ለካው?»

«ያፈላልኝ ሰውዬ አዋቂ ነው አልኩሽ!»

«ተነስ። ስልክህን ያዝ፤ ሃይላንዱን ተወው። ሰናይ ጋ እንሄዳለን።»

ሰናይ ከመንገዱ ዳር መድኃኒት ቤት ያለው ወጣት ፋርማሲስት ነው። የቆቦ ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ አይደለሁም ማለት ሰልችቶት ትቶታል። ቪዲዮውን ቆሞ አየና መሃል ላይ አቆመው። ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ አጎላው።

«ሹፌሩ፣ እዚህ ላይ ምን ታያለህ?»

«ቅጠሉን።»

«ቅጠሉንማ ሁሉም ያየዋል። ፊደሉን አንብብልኝ።»

«ሲ... ቢ... ዲ።»

«እንግዲህ ስማኝ። ካናቢስ ውስጥ ብዙ ዓይነት ነገር አለ፤ ስማቸው የሚነሳው ሁለቱ ናቸው። አንዱ ቲኤችሲ ነው። ሀሺሽ ያጨሰ ሰው የሚሰክረው በእሱ ነው። ልብ ያስመታል፣ ያስፈራል፣ ለሕፃን አንጎል ደግሞ ጠንቅ ነው። ሌላው ሲቢዲ ይባላል። እሱ አያሰክርም። ለአንዳንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ እንደሚረዳ በጥናት የታየው እሱ ነው። ያውም ለሁሉም አይደለም፤ ተነጥሎ፣ ተለክቶ፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው። ጉበት ሊነካ፣ ከሌላ ኪኒንም ጋር ሊጋጭ ይችላል። እኔ መደርደሪያ ላይ ደግሞ የለም።»

«መንገድ ላይ የሚሸጠው ቅጠልስ?» አለች አልጋነሽ።

«ሰው የሚገዛው ሊሰክርበት ስለሆነ ቲኤችሲ የበዛበት ነው። መጠኑን ያለ ላቦራቶሪ ማንም አይነግርሽም። መያዙም በሕግ ያስቀጣል» አለና ሕሉፍን ቀና ብሎ አየው። «ማንም ይዞታል ማለቴ አይደለም።»

ሕሉፍ ደሙ ፈላ። «ሁለቱም ከዚያው ቅጠል አይደል የሚወጡት? ቅጠሉ መድኃኒት ከሆነ መድኃኒት ነው!»

አልጋነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሕሉፍ፣ የአባባ ላም በምን ሞተች?»

«አሁን ላም ምን አመጣው?»

«በምን ሞተች?»

«ለጋ ማሽላ በልታ።»

«ክረምት ከበጋ ምን ስትበላ ነበር የኖረችው?»

«የማሽላ አገዳ።»

«ያው ማሽላ አይደል? ያው ማሳ፣ ያው ሥር። አገዳው አደለባት። ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠውን ለጋ አንድ ቀን ብትግጥ አረፋ ደፍቃ እደጃችን ተዘረጋች። ማሽላ ማሽላ ነው ብለህ ከብትህን ለጋው ላይ ትለቃለህ?»

ወረፋ የያዙ ሁለት ገበሬዎች «አይለቅም!» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሰናይ ሳቀ። «አምስት ዓመት ስማር እንዲህ ያስረዳኝ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፣ አልጊቱ። ለጋውን ከአገዳው በዓይንሽ ትለዪዋለሽ። እነዚህ ሁለቱ ግን አንዱ ቅጠል ላይ ተደባልቀው ነው ያሉት። ድስት ላይ በማፍላት አይለያዩም።»

«የባሰ ነዋ» አለች።

አልጋነሽ አምስተኛ ክፍል ላይ ነበር ትምህርቷን ያቆመችው። ሕሉፍ አሥረኛን ጨርሷል። ወደ ቤት ሲመለሱ ከፊቷ ከፊቷ ይሄድ ነበር፤ ፊቱን እንዳታየው።

ቤት እንደገቡ ሃይላንዱን አነሳ። «እናንተ መርዝ ነው ካላችሁ እኔ እጠጣዋለሁ። ከዚያ ታምኚኛለሽ።»

«ሕሉፍ፣ ሞኝ አትሁን!»

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዋጠ። አሥር ሰዓት ነበር። በሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ምንም የለም። አሥራ አንድ ላይም ምንም።

«ይኸው! ፈረስ መስያለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ራዊያ፣ መስክሪ!»

«እንኳን ፈረስ አህያም ቢሆን እንዲህ አይሞኝም» አለች ራዊያ።

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን መጀመሪያ አፉ ደረቀ። ቀጥሎ እግሮቹ የሌላ ሰው መሰሉት። ልቡ ዳገት እንደያዘ አይሱዙ ይመታ ጀመር፤ ግድግዳው ቀረብ ራቅ አለበት። ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃቱ መጣ። ይህን የመሰለ ፍርሃት በሌሊት አላማጣ ዳገት ላይ ፍሬን ሲበጠስበት እንኳ አላየም። በእናታቸው ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ «ሓፍተይ! ሓፍተይ!» ብሎ እህቱን ጠራ። «ልሞት ነው።»

አልጋነሽ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አራት ዓመት የለመደችውን ሥራ ሠራች። ሹልና ስለታም ነገር ሁሉ ከአጠገቡ አነሳች፤ በጎኑ አስተኛችው፤ እጁን ይዛ ተቀመጠች። ራዊያን ሰናይን እንድትጠራ ላከቻት። ፌቨን የራሷን ትራስ አምጥታ ከአጎቷ ራስ ሥር አስገባችለት።

«አይዞህ አጎቴ» አለችው። «ያልፋል። እኔንም ያልፈኛል።»

ሰናይ መጥቶ የእጁን ትርታ ቆጠረ፤ ዓይኑን አየ። «ሲዋጥ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚታለለው። ብቻውን አትተይው። ትንፋሹ ከከበደ ወይ አልነቃ ካለ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ነገም ቢሆን መኪና እንዳያስነሳ» አለና አንድ ሰዓት ያህል አብሯቸው ቆየ።

ጠዋት ሕሉፍ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣ ነበር። ጭንቅላቱ ገና ጥጥ የሞላበት ይመስላል። አልጋነሽ አጠገቡ ቆመች።

«ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሰማንያ ሁለት።»

«ፌቨን አሥራ ዘጠኝ ናት» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ሕሉፍ ተነስቶ ሃይላንዱን ራሱ ሽንት ቤት ደፋው። ከዚያ ተመልሶ ፌቨን ስትበላ እያየ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

በሳምንቱ አልጋነሽን ብርጭቆዋን አስይዞ ከፌቨን ጋር ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ፍሬዎቹን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ቀዩን ከነጩ ለየ፤ በሦስት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት ቀይ ነበር። ስለ ሲቢዲም እሷው ራሷ ጠየቀችው። የፌቨን ሕመም ገና ሌሎች ያልተሞከሩ ኪኒኖች እንዳሉት ነገራትና አንዱን ጨመረላት። በሚቀጥለው ሦስት ወር ቀዩ ስምንት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሕሉፍ ያላወራበት ሻይ ቤት የለም። ሮቢት ከተማ ላይ ሹፌሮች ተሰብስበው አንዱ ስለ ቅጠሉ መድኃኒትነት ማውራት ከጀመረ፣ ሕሉፍ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። «የቱ? ሲቢዲው ነው ቲኤችሲው?» ይላል። ሁለቱን ማንኪያ ሳይደብቅ ይናገራል፤ መጮሁንም፣ የሕፃን ትራስ ላይ መተኛቱንም። ሰው በእሱ ይስቃል። እሱ ደግሞ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ «እህቴ ናት የለየችው» ይላል።

«ምንድን ነው የተማረችው?» ብለው ይጠይቁታል።

«ማሽላ።»

አልጋነሽ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ ሦስት ሳምንት ታማ ዐረፈች። ለቅሶው ላይ ደግነቷን ያነሳ ብዙ ነበር፤ ሰናይ ግን መጥቶ ከሕሉፍ አጠገብ ተቀመጠና «ያን ጊዜ ስለ ማሽላው ያለችውን አሁንም ለሰው እናገረዋለሁ» አለው። ሕሉፍ ካለቀሰው ለቅሶ ሁሉ የቀለለው ያን ሰዓት ያለቀሰው ነበር።

ፌቨን አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ሕሉፍ ቤት ነው። ኪኒኗን ትወስዳለች፤ ማታ ማታ ፍሬውን ብርጭቆው ውስጥ የምታስቀምጠው ራሷ ናት።