የፊሊበርት እጆች

ኤቫሪስት ሞንኩር ስሙ በፓሪስ በገነነበት ዘመን፣ የትልቅ ሰው ሚስት ሁሉ እሱ ፊት ተቀምጣለች። የጄኔራል ሚስት ብትሉ፣ የዳኛ ሚስት ብትሉ፣ ንጉሥ ሲወርድ ባለጊዜ ሆና ንጉሥ ሲመለስም ባለጊዜ ሆና የቀረችዋ ብትሉ፣ ያልሣላት የለም። ሁሉንም ነጭ ቀሚስ ያለብሳቸዋል፤ ከጀርባቸው ግራጫ ግድግዳ ያቆማል፤ ሌላ ጌጥ አይወድም። በወጣትነቱ ሮም ወርዶ የጥንት ሐውልቶችን እያየ ሲሥል የተማረው አንድ ነገር ነበር፦ የሠዓሊው እጅ የታየበት ሥዕል ሥዕል አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ሲያለሰልስ ይውላል። የጨረሰው ፊት እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነው። «አንዲት የብሩሽ ጭረት ያገኘ ሰው ሸራውን ይቅደደው» እያለ ይፎክር ነበር፤ የቀደደም አልነበረም።

በሥዕሎቹ ላይ ያሉት እጆች ግን የሴቶቹ አልነበሩም። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ፊሊበርት ብቻ ናቸው። የትልቅ ሰው ሚስት ፊቷ ካለቀላት በኋላ ለእጇ ብላ ተመልሳ አትመጣም። ፊሊበርት ደግሞ እዚያው ናት። ከማድ ቤት ትጠራለች፤ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ ታስቀምጥና እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ የማዳም እገሊትን መሐረብ ይዛ ትቀመጣለች። እጅስ እጅ ነበራት! ረዘም፣ ሰልከክ ያለ፣ ምንም ቢሠራበት የማይጎዳ። በግራ አውራ ጣቷ ሥር ብቻ ዳቦ ስትቆርጥ ያተረፈቻት ትንሽ ጠባሳ አለች።

አንድ ዓመት በትልቁ የሥዕል ትርኢት ላይ፣ ዓይንሽን ለአፈር የሚባባሉ ሁለት ወይዛዝርት ሥዕላቸው ጎን ለጎን ተሰቀለ። ኤቫሪስት ሳያስበው ያቺን ጠባሳ ሁለቱም ላይ አስቀምጧት ኖሯል። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ አንደኛዋ ቀረብ አለችና፣ «ጭራሽ እጄንም ትቅዳ!» አለች። ሌላዋም፣ «የኔን እጅ ሰርቀሽ ደግሞ ትናገሪያለሽ?» አለች። እጁ የኔ አይደለም ማለት ለሁለቱም አልመጣላቸውም፤ እንዲህ ያለ እጅ ተሰጥቶት ማን ይመልሳል? ፊሊበርት ከሰው ኋላ ቆማ ሳቋ እንዳያመልጣት መሐረቧን ነክሳ ነበር።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «የኔንስ ፊት መቼ ነው የምትሥለው?» አለችው።

«ይቺን ልጨርስና» አላት።

ይቺ ስታልቅ ሌላ መጣች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? ዛሬ ነገ ሲል ፀጉሩ ሸበተ፤ የፊሊበርትም ጣቶች በቁርጥማት አብጠው እንደ ዝንጅብል ተቋጠሩ። እሱ ግን የድሮዎቹን በቃሉ ስለሚያውቃቸው እጅ አጥሮት አያውቅም። ያጠረው ሌላ ነገር ነው። ወጣቶቹ ሠዓሊዎች ቀለም በማንኪያ የሚጨልፉ ይመስል ሸራ ላይ እየከመሩ ስም አወጡ፤ የሱ በር የሚያንኳኳ ጠፋ። በዚህ ላይ ዓይኑን ጉም ጋረደው።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተመለሰ ቀን፣ ፊሊበርት የሽንኩርት ሾርባውን አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ብርዱ እስኪገባ ድረስ አያለሁ። ከዚያ ወዲያ እንጃልህ አለኝ። አንድ ሥዕል ይበቃኝ ይሆናል።»

«እንግዲያው የማዳም ደ ቮብሩይ ነው የሚሆነው፤ ሥለኝ የምትልህ እሷ ብቻ ቀርታለች።»

«እሷው ናት። ለትርኢቱ ከደረሰ፣ ሞንኩር አልሞተም ይላሉ።»

ፊሊበርት ዳቦዋን ሾርባው ውስጥ ነክራ ረሳችው። «እኔ ፊት የለኝም እንዴ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዕድሜ ልክህን ያየኸው እጄን ነው፣ አንተ ሰውዬ። ስታየኝም እጄን፣ ስትቆጣኝም እጄን፤ ፊሊበርት ዝቅ አድርጊው፣ ፊሊበርት አዙሪው! ነገ ዓይንህ ሲጠፋ፣ እኔን በምንህ ልታስታውሰኝ ነው?»

«ያንቺን ፊት እረሳለሁ?»

«እስቲ ጨፍን።»

ለቀልድ ብሎ ጨፈነ። እጇ ወዲያው መጣለት፤ ጠባሳዋ፣ ጥፍሯ፣ ሁሉም። ፊቷን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣም፤ የማዳም እገሊት ፊት፣ የጄኔራሉ ሚስት ፊት እየመጣ ተደቀነበት። ኤቫሪስት ደነገጠ። ዓይኑን ከፍቶ ያችን ነጭ ቆብ ያደረገች አሮጊት እንደማያውቃት ሰው አያትና አፈረ።

በማግስቱ ማዳም ደ ቮብሩይ ቤት ሄዶ፣ «አልችልም፣ እሜቴ» አላቸው።

ወይዘሮዋ ብርቱ ሴት ነበሩ። «እናቴን ሥለህ እኔን አልሥልም ትላለህ? የእናቴን እጅ ነው የወረስሽው እያሉ ሰው ሁሉ ያደንቀኛል እኮ! ለመሆኑ ከኔ የበለጠችብህ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ሚስትህማ የትም አትሄድብህ!»

«እሷስ አትሄድም። ዓይኔ ነው የሚሄደው።»

ወይዘሮዋ ማራገቢያቸውን አጥፈው ተነሡ። ኤቫሪስት ስለ እናታቸው እጅ ምንም ሳይል ወጣ።

ፊሊበርት ሰሜን የሚያየው መስኮት ሥር ተቀመጠች። ወዲያው እንደ ልማዷ እጆቿን ወደፊት ዘርግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ፊትሽን ነው እኮ የፈለግሁት!»

«ውይ!» አለችና ዞረች። ሰው ፊቷን ሲመረምራት አታውቅምና እንደ ኮረዳ ቀላች። «እንዲህ አፍጠህ ነው ሌሎቹን የምታያቸው?»

«እንዲህ ነው።»

«ባለጌ! ይህን ባውቅ ኖሮ ከማድ ቤት አልወጣም ነበር።»

ቀኖቹ አጠሩ። ኤቫሪስት አፍንጫው ሸራውን እስኪነካ ተጠግቶ ይሥላል፤ እንደ ድሮው ሊያለሰልሰው ሲሞክር ግን ቀለሙ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይታየውም። ፊቷ እንደ ምንም አለቀና እጇ ቀረ። ፊሊበርት እጆቿን ሽርጧ ሥር ደበቀች።

«ዜሊን ጥራት፤ የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ። እጇ ያምራል» አለችው።

«የሷ እጅ ምን ሊያደርግልኝ! የድሮውን የራስሽን አደርግልሻለሁ። ጨፍኜም አልስተው።»

«የድሮዎቹ የኔ አይደሉም» አለች። «ለሰው አድለናቸዋል እኮ። አንዱ ጄኔራሉ ቤት ነው፣ አንዱ ማዳም ደ ቮብሩይ ሳሎን ተሰቅሏል። ለኔ የተረፉኝ እነዚህ ናቸው።» ሽርጧን ገለጥ አድርጋ ያበጡትን እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

ኤቫሪስት ለመጀመሪያ ጊዜ «ዝቅ አድርጊው፣ አዙሪው» ሳይል፣ እንዳስቀመጠቻቸው ሣላቸው። አንጓ አንጓቸውን ሲከተል አለቀሰ፤ እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ያለቀ ቀን መጥታ ከሸራው ፊት ቆመች። ብዙ አየች። ከዚያ፣ «ጉንጬ ላይ ጭረት አለ» አለችው።

ኤቫሪስት ወደ ሸራው ተጠጋ። «የቱ ጋ?»

«እዚህም፣ እዚህም። አገጬም ላይ አለ። ብሩሽህ የሄደበት ሁሉ ይታያል።»

«ለስላሳውን ብሩሽ አቀብይኝና ጭረቱን በጣቴ አስነኪኝ። አለሰልሰዋለሁ።»

«ተወው።»

«ፊሊበርት፣ ነውር ነው! ሞንኩር ነው የሣለው ሲባል...»

«ተወው አልኩህ። ሌሎቹን አየር የሣላቸው ይመስላል። ይሄ ዳብሰኸኝ ነው የሚመስለው።»

የያዘውን ብሩሽ ከእጁ ወስዳ አጠበችው።

ሥዕሉ ትርኢት ላይ አልቀረበም። ብርዱ ሲገባ ሐኪሙ እንዳለው ዓይኑ ጠፋ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፊሊበርት በመኝታዋ ዐረፈች። ጠዋት ጠዋት ኤቫሪስት ግድግዳውን ይዞ ይመጣና ሸራውን ይዳብሳል። ሌላ ሥዕሉ ቢሆን ኖሮ መስታወት የነካ ያህል ነበር፤ አንዷን ከአንዷ አይለያትም። እዚህ ግን የደረቀው ቀለም ጣቱን ይዞ ይመራዋል። ከግንባሯ ይነሣል፣ በጉንጯ ይወርዳል፣ አገጯ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ዓይኑን ይጨፍንና ይጠብቃል፤ ፊቷም ይመጣለታል።