ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር

ይህ የምጽፈው ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አንዲት ጠብታ ጨምሬ ከሆነ ይህችን ብዕር የያዘችው እጄ እንጨት ሆና ትቅር። አላምንም የሚል ካለ ወንዙ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ሴትዮዋም አለች፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። ሴትዮዋን ሲጠይቅ ግን ራቅ ብሎ ይቁም።

አጣቢዋ የሆቴሉን አንሶላ ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር እያላተመች ነበር። ሠላሳ ሁለት አንሶላ ከቀትር በፊት ታጥቦ መሰጣት አለበት። አሥራ አንደኛውን ጨምቃ ቀና ስትል ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ከነነጭ ጋዋኑ ቁልቁለቱን እየሮጠ ሲወርድ አየችው። መቀሱን እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም።

"እህቴ! ቤትሽ ላይ ቀይ ኤክስ ቀቡበት!"

"የማን ቤት ላይ?"

"ያንቺ! የኔም! ከመንግሥት የመጣ መሐንዲስ ነው። ውሃ ከአንድ ሜትር በላይ የገባበት ቤት ሁሉ በስምንት ቀን ውስጥ ይፈርሳል ይላል።"

"ታዲያ እኛን ምን አገባን? እኔ ቤት ውሃ ከጉልበቴ በልጦ አያውቅም!"

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ግድግዳው እንደዚያ አይልም" አለ።

የእርጥቡ አንሶላ ጫፍ ከእጇ ሾልኮ ወደቀ።

እዚህ ላይ ስለ ግድግዳው መንገር አለብኝ። የዚያ ከተማ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው "ውሃው እንዴት አደረ?" ተባብሎ ነው፤ የልጆች ጤና ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጡቡ ወንዙ ካመጣው ጭቃ ነው፣ ወጡ ወንዙ ካመጣው ዓሣ ነው፣ ጠቡም ወንዙ ከወሰደው ድንበር ነው። ጎርፉ በሸሸ ማግስት ደግሞ እያንዳንዱ አባወራ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ይወጣና ውሃው የደረሰበትን ልክ በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሰምራል። ከፍ ያለ መስመር ያለው ሰው ከፍ ያለ ሰው ነው። ያን ሁሉ ውሃ ችሎ የቆመ ቤት ባለቤት ነዋ!

የአጣቢዋ ባል ስምንት ሰውና፣ ተጠጋግተው ከተቀመጡ፣ አንድ ፍየል የምትጭን ጀልባ አለው። በዚህች ጀልባ ምክንያት ከተማው ሁሉ ካፒቴን ይለዋል። ከሦስት ክረምት በፊት ጎርፉ ሲሸሽ ካፒቴኑ ግድግዳው ላይ በጉልበቱ ልክ በሐቅ አሰመረ። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ ሆኖ አየና የራሱን ጭኑ ላይ አሰመረ። በማግስቱ ካፒቴኑ "ትናንት ቀለሙ ሳይደርቅ ወርዶ ነው" ብሎ መስመሩን ወገቡ ላይ አወጣው። በሁለተኛው ክረምት ፀጉር አስተካካዩ ደረቱ ላይ፣ ካፒቴኑ ከመስኮቱ በላይ። በሦስተኛው ክረምት ካፒቴኑ መሰላል ተበድሮ ከበሩ በላይ አሰመረና ከሥሩ "የጎርፍ ሁሉ አባት" ብሎ ጻፈበት። መንገደኛው ቆሞ አጨበጨበለት። "ውሃው እዚያ ድረስ ሲመጣ አንተ የት ነበርክ?" ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ካፒቴኑ ዓሣ በአንደኛው መስኮት ገብቶ በሌላው እንደወጣም ይተርክ ነበር። ሚስቱ ሰው ፊት አላሳፈረችውም። እንዲያውም፣ እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ መሰላሉን የያዘችለት እሷ ናት።

አሁን ቀሚሷን ጨብጣ ዳገቱን ስትወጣ ትዝ ያላት ያ መሰላል ነበር።

ቤቷ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሐንዲሱ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው፤ መለኪያ ዘንግ በአንድ እጁ፣ መዝገብ በሌላው ይዟል። ካፒቴኑ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የራሱን ጫማ ያያል።

"ምን አልከው?" አለችው ባሏን።

"ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።"

"ምን ብለህ ነገርከው?"

መሐንዲሱ መዝገቡን ገለጠ። "'ዓሣ በአንደኛው መስኮት ገብቶ በሌላው ወጥቷል።' ባለቤቱ አንብበው ፈርመዋል።"

ከሰዉ መሃል አንዱ ሳቀ። አጣቢዋ ዘወር ብላ ስታየው ሳቁን ዋጠው።

ወደ ቤት ገባች። የሚጎተት ነገር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የእናቷን ቁምሳጥን ብቻዋን እየገፋች ደጃፉ ላይ አወጣችና ጀርባውን ወደ ሰዉ አዞረችው። እንጨቱ ላይ ሦስት ቡናማ የውሃ ጠባሳዎች አሉ። ሦስቱም ከጉልበት በታች ናቸው።

"ይኸው! ይህን ማንም አልቀባውም። ወንዙ ራሱ የጻፈው ነው። ይህን ለካ!"

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቁምሳጥን ይንቀሳቀሳል። ግድግዳ አይንቀሳቀስም።"

"መስመሩስ? መስመሩ ሲንቀሳቀስ አይደል እንዴ የኖረው!"

መሐንዲሱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "እኔ የተፈረመውን ነው የማምነው። ባለቤቱ እዚህ ሰው ፊት 'ውሸቴን ነው' ብለው ትክክለኛውን ካሰመሩ እንደገና እለካለሁ። ያለዚያ ዕቃዎን ያውጡ።"

ሁሉም ካፒቴኑን አየ። ካፒቴኑ ፀጉር አስተካካዩን አየ።

"ሰው ምን ይለኛል?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሰው?" አለች አጣቢዋ። "ሰው ነው ይህን መሠረት የሠራው? ሦስት መቶ ድንጋይ! ከወንዙ እዚህ ድረስ፣ በዚህ ጀርባዬ፣ ልጅህን በሆዴ ይዤ! ውሃው ጉልበት ላይ የቆመው አንተን ፈርቶ መሰለህ? ጎርፍ በመጣ ቁጥር አንተ ትቀባለህ፣ ጭቃውን እኔ እጠርጋለሁ። የጠረገ ሰው ልኩን ያውቃል! ወንዙ በሦስት ክረምት ሊወስደው ያልቻለውን ቤት አንተ በአንድ ጣሳ ቀለም ወሰድከው!"

"ካፒቴን፣ ተረጋጋ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እኛ እኮ ታሪክ ያለን ሰዎች ነን..."

"አንተ ደግሞ ዝም በል! ውሃ ደረቴ ድረስ ደረሰ ባልክበት ቀን ደንበኛ ስትላጭ አይቼሃለሁ። የሰውዬው ካልሲ እንኳ አልራሰም!"

አሁን ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ገብታ የሰማያዊውን ቀለም ጣሳና ብሩሹን አመጣችና ባሏ እግር ሥር ቋ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ስማኝ አንተ ሰው። ይህ ቤት ከፈረሰ እኔ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። አንተ ከዓሣህ ጋር ቅር።"

ካፒቴኑ ጫማውን ማየት ተወ። ከዚያ ተነሣ። ብሩሹን አነሣ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ "ውሸቴን ነው" አለ፤ ሁሉም ሰማው። ለዚህኛው መስመር መሰላል አላስፈለገውም፤ ተንበረከከ። ከቁምሳጥኑ ላይኛው ጠባሳ ትይዩ አሰመረ። መሐንዲሱ ዘንጉን አስጠጋና አርባ አንድ ሴንቲሜትር ብሎ መዘገበ፤ ኤክሱንም በገዛ እጁ ሰማያዊ ቀለም ደርቦ አጠፋው።

ፀጉር አስተካካዩ የቤቱን ቀይ ኤክስ አንድ ጊዜ፣ ጣሳውን አንድ ጊዜ አየ። "ካፒቴን፣ ብሩሹን ታውሰኛለህ?"

ካፒቴኑ እጁን ሳይዘረጋ አጣቢዋ ብሩሹን ነጠቀችው። ቁምሳጥኑን ከፈተች፣ ብሩሹን ከነቀለሙ አስገባች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ጡቷ መሃል ከተተችው።

"ሚስትህን ላካት" አለችው። "ለሷ ነው የምሰጣት።"

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደች። ሃያ አንድ አንሶላ ይጠብቃታል። ያን ቀን የድንጋዩን ጩኸት የሰማ ሁሉ፣ የምትደበድበው አንሶላ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል።

እንግዲህ እጄ እንጨት ሳትሆን ልናዘዝ። አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ካፒቴኑ "ውሸቴን ነው" አላለም። ተንበርክኮ አሰመረ እንጂ ከአፉ ቃል አልወጣም፤ መሐንዲሱም ሽማግሌው ሲንበረከክ አይቶ አንገቱን ደፋና ቃሉን ሳይጠይቅ ለካ። ሴትዮዋ ያን ቃል እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው። ወረቀት ላይ እንኳ ታግኘው ብዬ ነው።