አፉ በይን፣ ላሜራ

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ጋሽ ሀብተ ወልድን የማያውቅ ቢገኝ እንኳ ላሜራን የማያውቅ አይገኝም። ላሜራ የጋሽ ሀብተ ወልድ ውሻ ናት። ጠጉሯ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ ስሙን ያወጣላት ጎረቤቱ ጃፋር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሁለቱ ሱቆች መካከል ተጋድማ፣ ሌባን ስታስደነግጥ፣ ደንበኛን ደግሞ ጅራቷን እየቆላች ስትቀበል ኖራለች።

ጋሽ ሀብተ ወልድ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራል። በርሜል ሲገዛ ዓይኑን አያምንም። በጣቱ አንጓ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጥ ውስጡን ዝገት የበላው "ዱብ" ብሎ ይቀራል። በርሜሎቹን የሚያመጣለት ጃፋር በዚህ ይበሽቃል።

"አንተ ሰውዬ፣ በርሜል ነው የምትገዛው ወይስ ከበሮ?"

ጃፋር ሙስሊም ነው፤ የውሻ ምራቅ ከነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ከዱቄት ወተት ጣሳ ክንድ ተኩል እጀታ ያለው ጭልፋ ሠርቶ፣ ከምሳው የተረፈውን በሱ ያቀርብላታል። አንድም ቀን አስርቧት አያውቅም፤ አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ አጠገባቸው ወንፊት የምትሸጠው ካሚላ የላሜራን ሆድ አየችና ጮኸች።

"ጋሼ! ይቺ ውሻ ጡቷ ላይ የሆነ ነገር አብጧል። ቡችላ ሳታጠባ ምን አሳበጠው?"

የእንቁላል ያህል ነበር። እዚያው አጠገብ ሰባተኛ ሰፈር ተወልዳ ያደገችው ኤልሳቤት የእንስሳት ሐኪም ሆና፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የውሾችን የጡት ዕጢ እያጠናች ነበርና፣ ላሜራን ወስዳ ዕጢውን ቆርጣ አወጣችው። ቁስሉ ደርቆ ክሩ የተፈታ ዕለት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ አስረዳች።

"ዕጢው ወጥቷል። ግን ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ነገሩ አልቋል አይባልም ጋሼ። ቁራጩን ውጭ አገር ላብራቶሪ ልከናል። እዚያ ቀለም ያስነኩታል፤ የሚፈለገው ፕሮቲን ካለ ቡናማ ሆኖ ይታያል።"

"ፕሮቲን?" አለ ጃፋር ከበርሜሉ ኋላ። "እንቁላል ላይ ያለው?"

"የሱ ዘመድ ነው። ሁለት ዓይነት ነው የምንፈልገው። አንደኛው ዕጢው ምን ያህል እንደሚቸኩል ይናገራል፤ እሱ ሲያንስ ነው ደስ የሚለው። ሁለተኛው የሆርሞን መቀበያ ነው። እሱ ካለ፣ ዕጢው ከጡት መምጣቱን አልረሳም፣ ጠባዩን አልለቀቀም ማለት ነው። ከጠፋ ግን አውሬ ሆኗል።"

ጋሽ ሀብተ ወልድ ራሱን ነቀነቀ። "ገባኝ። መታ አድርጎ መስማት ነዋ።"

"እንደሱ ነው!"

"ከከፋስ?"

ኤልሳቤት ጎንበስ ብላ ላሜራን ዳሰሰቻት። "ከከፋ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል፤ ትሠቃያለች። ያኔ በመርፌ ብትሸኝ ይሻላታል። ውሳኔው የእርስዎ ነው።"

"ክፉ ከሆነ ውጤቱ በመጣበት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አመጣልሻለሁ" አለ። አንዴ ከተናገረ የማያጥፍ ሰው ነው።

ስድስት ሳምንት ጠበቀ። ጠዋት ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ሲሳለም ስለ ውሻ መለመን አሳፈረው። "አንተው የፈጠርካት ናት" ብቻ ብሎ ያልፋል።

አንድ ዓርብ፣ ተራው በሙሉ በመዶሻ ሲናጥ ስልኩ ጠራ። አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ አነሳው።

"ጋሼ! ውጤቱ መጣ! ፖዘቲቭ ነው! ፖዘ—"

ኔትወርኩ ሄደ። መልሶ ደወለ፤ እምቢ አለ። አሥር ጊዜ ሞከረ።

በዚያ ዘመን ፖዘቲቭ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኤች አይ ቪ። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጥፏል፣ በየሬዲዮው ይነገራል፣ ቃሉ ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። የኤልሳቤት ድምፅ ከፍ ማለቱን ልብ ብሏል፤ ግን በዚህ ጫጫታ መሃል ማን ቀስ ብሎ ያወራል? ስለ መቀበያው የነገረችው ሁሉ ከራሱ ብን ብሎ ጠፋ። መዶሻውን አስቀመጠ።

"ጃፋር። ፖዘቲቭ ነው አለች።"

"ያ አላህ!" ጃፋር እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ውሻንም ይይዛል እንዴ?"

ካሚላ ደረቷን መታች። "ከየት አባቷ አመጣችው? እንዲህ ጨዋ ሆና! ከዚህ ተራ ወጥታ አታውቅ!"

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የጀመረ አልነበረም። ጋሽ ሀብተ ወልድ ከሉካንዳ ሥጋ ገዝቶ መጣ። ጃፋር ከቤቱ የተቀቀለ ጉበት አምጥቶ በጭልፋው አቀረበላት። ላሜራ ሁሉንም ጠራርጋ በልታ ጭልፋውን ላሰችው።

"ለምትሞት ፍጥረት ሆዷ ደህና ነው" አለ ቆርቆሮ ቆራጩ ረዲ። ካሚላ በክርኗ ጎሰመችው።

"ቀልዱን ተውና አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ በላት። ሩቅ መንገድ ልትሄድ ነው፤ ሐቋን ይዛብን እንዳትሄድ።"

ረዲ ኮፍያውን አውልቆ ተንበረከከ። "ላሜራ፣ አምና ጅራትሽ ላይ ጣሳ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።"

"እኔም ውኃ የደፋሁብሽ አውቄ ነው" አለች ካሚላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። "ወንፊቴ ላይ ተኝተሽብኝ ነው እንጂ ክፉ ሆኜ አይደለም። አፉ በይኝ።"

ላሜራ በየተራ አየቻቸውና አዛጋች።

ጋሽ ሀብተ ወልድ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን ዳሰሳት። "እኔንም ይቅር በይኝ። ባለፈው ጾም ያን የተጠበሰ ዓሣ ከምሳ ዕቃዬ በላሽ ብዬ ሁለት ቀን አሰርኩሽ። ዓሣ ምንድን ነው? እንኳን በላሽው።"

ጃፋር ሳለ። ደግሞ ሳለ። ጭልፋውን መሬት ላይ አኖረና አንገቱን ደፋ።

"ላሜራ... ወላሂ እኔ ነኝ የበላሁት። ሽታው አሸነፈኝ። ታስረሽ ስትጮኺ እኔ ጥርሴን እየጎረጎርኩ ነበር። አፉ በይኝ፣ አፉ በይኝ።"

ጋሽ ሀብተ ወልድ ቀና ብሎ አየው። ኀዘኑ ላይ ዓሣ መጨመር ከበደው። ገመዱን ሊያስርላት እጁን ሲሰድ፣ ኤልሳቤት ወረቀት እያውለበለበች በሕዝቡ መሃል ሰንጥቃ ገባች።

"ጋሼ፣ ስልክ እምቢ ቢለኝ... ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ገና ልትሞት ነው" አለች ካሚላ እየተንሰቀሰቀች።

"ማን?"

"ላሜራ ናታ!"

"ምን ሆና?"

"ፖዘቲቭ ሆና!" አሉ በአንድ ድምፅ።

ኤልሳቤት አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የተላሰውን ጭልፋ አየች፤ ከዚያ ያለቀ ምድጃ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ጋሼ፣ ፖዘቲቭ የሆነው መቀበያው ነው! ጥሩው ፕሮቲን! አለ ማለት ነው፣ ቡናማ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የሚቸኩለው ደግሞ ከመቶ ሕዋስ አምስቱ ላይ እንኳ አልተገኘም። ተመልሶ አይመጣም ብዬ አልምልም፤ በየሦስት ወሩ አያታለሁ። ግን መርፌ ምን ሊያደርግላት?"

ጋሽ ሀብተ ወልድ አጠገቡ ያለውን በርሜል በጣቱ አንጓ መታ አደረገ።

"እንግዲያ... ደወል ነው የጮኸው በይኛ።"

"ደወል ነው ጋሼ።"

ፊቱን ወደ ተክለ ሃይማኖት አዙሮ አማተበ። ካሚላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ረዲ መዶሻውን አንስቶ ያገኘውን በርሜል ይደበድብ ጀመር፤ ተራው ሁሉ ተቀበለው። ጃፋር "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ራሱን ረሳና ላሜራን በሁለት እጁ አቀፋት። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ቀን ነበርና ከአገጩ እስከ ግንባሩ ላሰችው።

መዶሻው ሁሉ ቆመ።

"ውኃ አምጡለት" አለ ጋሽ ሀብተ ወልድ። ከተራው ዕቃ መካከል አንድ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ መርጦ ሞላና ራሱ ያስታጥበው ጀመር። የመጀመሪያውን ካሚላ በዘገነችው አፈር አሸው፤ ከዚያ ተራው በሙሉ አብሮ ቆጠረ። "ሁለት! ሦስት! አራት!"

ስድስተኛው ላይ ጋሽ ሀብተ ወልድ ማንቆርቆሪያውን ቀና አድርጎ ያዘ።

"ዓሣዬስ?"

"አፉ ብላኛለች እኮ!" አለ ጃፋር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ እየተንጠባጠበ።

"አፉ ያለችህ ላሜራ ናት። እኔ መቼ አልኩ?"

"ሰኞ አመጣለሁ፣ ወላሂ! ሁለት! ለሷም ጭምር! አፍስስ፣ አንተ ሰውዬ!"

ጋሽ ሀብተ ወልድ እየሳቀ አፈሰሰ፤ ተራውም "ሰባት!" ብሎ ጮኸ።