የወንዙ ፊት

ከተራራው የሚንደረደረውን ወንዝ ፎቶ ለማንሳት ከድንጋይ ድንጋይ ስዘል ወደቅኩና ጉልበቴ ተላጠ። ካሜራዬን ግን አቅፌው ስለነበር አልተነካም። አረፋው፣ ፍንጣቂው፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቶልኛል።

እንዲያትምልኝ ለሚስቴ ወንድም ሰጠሁት። እሱ ስቱዲዮው ውስጥ የሙሽሮችን ፊት በኮምፒውተር ሲያለሰልስ ነው የሚውለው፤ ብጉር ካየ እጁ አያርፍም። እጁ ይባረክና አረፋውን በሙሉ ጠራርጎ፣ ወንዙን እንደ ሙሽራ ጉንጭ ልሙጥ አድርጎ፣ በትልቁ አትሞ አመጣልኝ።

«ትንሽ አስተካከልኩት፣ ጋሼ» አለኝ።

አፌን ሳልከፍት አማቴ ተቀብለው ሳሎን ሰቀሉት። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩ፤ ቀጥሎ በፋሻ የተጠቀለለውን ጉልበቴን አዩ።

«እሰይ፣ እዚያም አስፋልት ገባ!» አሉ። «አንተ ግን ልጄ፣ እንዲህ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ምን ጣለህ?»