ፊቱን ያዞረ ፈረስ

መምህር ሞገስ ከካራማራ ግንባር ወደ አሰበ ተፈሪ ሲመለስ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች አልነበረም፤ በምትኩ ሐኪሞች ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ እግር ገጥመውለታል። ከተማው በእልልታ ተቀበለው። እልልታው ሲበርድ ግን የተሰጠው ሥራ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጓዳ ተቀምጦ ጠመኔና ደብተር መጠበቅ ሆነ። ሰው ለተጎዳ ጀግና ማዘን አይከብደውም፤ ጀግናው ተነሥቶ ሥራ ሲጠይቀው ግን ይጨንቀዋል። ሞገስ ከዘመቻው በፊት አስተማሪ ነበረ። ከዘመቻው በኋላም አስተማሪ ነኝ ብሎ ጸና።

በዚያ ዓመት በጨርጨር ተራራ ራስ ላይ የምትገኘው የቡርቃ ቀበሌ ትምህርት ቤት ተዘግታ ነበር። መኪና አይደርስባትም። የመጨረሻው አስተማሪ «ለመስቀል ቤተሰቤን ልይ» ብሎ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ሞገስ ኃላፊው ዘንድ ገብቶ «ቡርቃን ስጡኝ» አለ።

«ጓድ ሞገስ» አለ ኃላፊው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ባለ ሁለት እግሮቹ እንኳ እያማረሩ የወረዱበት አገር ነው። እርስዎን ሰው ተሸክሞ ሲያወጣና ሲያወርድ ልይ?»

«በፈረስ እወጣለሁ።»

«ፈረሱስ ላይ ማን ያወጣዎታል?»

«እኔው ነኛ!»

ኃላፊው ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ክረምቱ ሲያልፍ ከመንገድ መሪው ከሙሜ ጋር ወጥተው ይመለሱ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ደግፎ ኮርቻ ላይ ካስቀመጠዎ ነገሩ እዚያው ያከትማል። ካላስቀመጠዎ ቡርቃ የእርስዎ ናት። ምስክሬም ራሱ ሙሜ ነው።»

ሙሜ ነጋዴውንም፣ ክትባት ሰጪውንም፣ መሬት ቀያሹንም እየመራ በዚያ ተራራ ላይ ያረጀ ሰው ነው። በገዛ ወንድሙ ላይ እውነቱን መስክሮ ወንድሙ እስከ ዛሬ አኩርፎታል፤ ስለዚህ ቃሉን የሚጠራጠር አልነበረም።

ከባዱ ነገር ተራራው ሳይሆን የፈረሱ ጎን ነበር። ፈረስ ሁሉ የሚለመደው በግራ በኩል እንዲወጡበት ነው፤ የሚወጣው ሰው ግራ እግሩን እርካብ ላይ አኑሮ ቀኙን ያሻግራል። ሞገስ ግን በእንጨቱ እግር ቆሞ በደህናው በቀኙ እርካብ ከመርገጥ በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ በቀኝ በኩል መውጣት አለበት፤ በቀኝ የመጣበትን ሰው ደግሞ ፈረስ እንደ ሌባ ይሸሸዋል።

«አቦ መምህር» አለ ሙሜ እየሳቀ፣ «አንተን ከማስተማር ፈረሱን ማስተማር ይሻላል። እሱ አይከራከርም።»

ክረምቱን ሙሉ ሙሜ ዳማውን ፈረሱን በቀኝ በኩል ለሚመጣ ሰው መቆምን አስለመደው። ሞገስ ደጋግሞ ወደቀ። በወደቀ ቁጥር ሙሜ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ይመለከተዋል። «ዛሬ ብደግፍህ ነገም መደገፍ ያምረኛል» ይለዋል፤ «ያኔ ኃላፊው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? መዋሸት አልችልበትም።»

በጥቅምት አንድ ማለዳ ሚስቱ የሺሐረግ ስንቁን ከኮርቻው ኋላ አሰረችለት፤ ሞገስም ማንም ሳይነካው ወጣ። ሙሜ በበቅሎው ከፊት ሆነ። የጫት ማሳዎቹን እርከን በእርከን አለፉ፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ማሽላ ግራና ቀኝ ሸፈናቸው፤ ከዚያ ጥዱ ጀመረ፣ አየሩም ቀዘቀዘ። ወደ ኋላ ዘወር ሲሉ የቦርደዴ ቆላ ከሩቅ እንደ ተነጠፈ ቆዳ ይታይ ነበር። ሞገስ አንገቱን ቀና አድርጎ ጋለበ። ከጦርነት ወዲህ ከሰው በታች ሆኖ ወደ ላይ ሲመለከት የኖረ ሰው ነውና፣ ዓለምን ከፈረስ ጀርባ ማየት ደስ አሰኘው፤ ደስታውንም አልደበቀውም።

«ምን ያስፈግግሃል?» አለ ሙሜ።

«አገሬን ማየት።»

«እሱን ስትወርድ ታየዋለህ። አሁን የፈረሱን ጆሮ እይ።»

መንገዱ ጠበበ። በግራ እንደ ግድግዳ የቆመ አለት፣ በቀኝ ደግሞ ገደል ነበር፤ ሁለት እንስሳት ጎን ለጎን በጭንቅ ያልፉበታል። ልክ እዚያ ላይ ከላይ የሰዎች ድምፅ ተሰማ። አስከሬን በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ወደ መቃብሩ ይወርዱ ነበር።

«ጀናዛ ነው» አለ ሙሜ፤ ወዲያው ከበቅሎው ወርዶ በአለቱ ጥግ ያዛት። በዚያ አገር አስከሬን ሲያልፍ በእንስሳ ጀርባ ላይ የሚቆይ ሰው የለም። ሞገስ እግሩን ከእርካብ ሲያወጣ ሙሜ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ተው፣ አትውረድ። ከወረድክ መውጫህ በገደሉ በኩል ነው። እግርህን ያዩታል፣ ሰዎቹም ይቅር ይሉሃል።»

«ይቅርታ የሚጠየቀው ማድረግ ሲያቅት ነው» አለ ሞገስ። «መውረድ አላቃተኝም።»

በደረቱ ኮርቻው ላይ ተደፋ፣ ቀኝ እግሩን አሻገረና በአለቱ በኩል ተንሸራቶ ወረደ። ባርኔጣውንም አወለቀ። ሐዘንተኞቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ከፊት የነበሩት ሽማግሌ የእንጨቱን እግር ተመለከቱ፤ ቀጥሎም ፊቱን ተመለከቱ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ።

ድምፁ ከታች ሲርቅ ሙሜ ገደሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ። በቀኝ በኩል የእንጨቱን እግር የሚያስቆም አንድ ስንዝር አስተማማኝ መሬት አልነበረም። በዚህ መካከል አህያዋን እየነዳች ከገበያ የምትመለስ ሴት ከኋላቸው ደረሰች፤ ኩብራ የምትባል የቡርቃ ሴት ናት፣ ሙሜም ያውቃታል።

«ምነው መንገዱን ዘጋችሁት? አህያዬ ጨው ተሸክማ ቆማለች!»

ሙሜ ነገሩን ባጭሩ ነገራት። ኩብራ ሞገስን ከራስ ጸጉሩ እስከ እንጨቱ ጫማ መረመረችው።

«ታዲያ አቅፈህ አትጭነውም እንዴ፣ ሙሜ? እኔ አላየሁም። አህያዬም አላየችም።»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ሙሜ።

«ኧረ ተወኝ! እውነትህን ይዘህ እዚህ ልታሳድረን ነው?»

ሞገስ አለቱን አየ፣ ገደሉን አየ፣ ፈረሱን አየ። ከዚያም ዛቡን ይዞ የዳማውን ራስ ወደ ገደሉ በኩል ይመልሰው ጀመር።

«ያውና!» አለች ኩብራ እጇን አጨብጭባ። «ፊቱን ወደ አሰበ ተፈሪ አዞረ! የባለፈው መምህር እንኳ ትምህርት ቤቱን አይቶ ነበር የሸሸው። ይኼ ከመንገድ!»

ሞገስ ዘወር አላለም። ፈረስ በዓይኑ የሚያየውን ገደል አይረግጥም፤ የኋላ እግሩ ግን ዓይን የለውም። ስለዚህ የፈረሱን ራስ በባዶው በኩል፣ ዳሌውን በአለቱ በኩል አድርጎ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በለሆሳስ እያነጋገረ አዞረው። ከፈረሱ ሰኮና ሥር ጠጠር ወደ ገደሉ ወረደ። ዳማው ፊቱን ቁልቁል አድርጎ ሲቆም ቀኝ ጎኑ ከአለቱ ጋር ገጠመ።

ሙሜ አሁን ገባው፤ ሳቁንም በጢሙ ውስጥ ያዘ።

ሞገስ ጀርባውን ለአለቱ ሰጠ፣ የእንጨቱን እግር በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተከለ፣ ቀኝ እግሩን እርካብ ላይ አኖረ። አንድ ጊዜ ሞክሮ ተመለሰ። ሙሜ እጁን ወደ ኋላው አጣመረ፤ ጣቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ሲጨባበጡ ኩብራ አይታለች። በሁለተኛው የእንጨቱ እግር በኮርቻው ላይ አልፎ በማዶ ተንጠለጠለ። ሞገስ ተቃናና ላቡን ሳይጠርግ ፈረሱን በዚያው መንገድ፣ አሁንም ራሱን በገደሉ በኩል አድርጎ፣ ወደ ተራራው መለሰው።

«በይ እመቤት» አላት፣ «መንገዱ ተከፍቷል። ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሉሽ ነገ ጠዋት ላኪያቸው።»

«ያ ረቢ!» አለች ኩብራ። «ወሬኛ አይደለሁም፣ ግን ይኼን ለእኔ ተዉልኝ። ቡርቃ ቀድሜ ገብቼ የምናገረው እኔ ነኝ።» አህያዋንም እየደበደበች አለፈቻቸው።

እንዳለችውም አደረገች። ቡርቃ ሲደርሱ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ቆሞ ነበር። ማንም «ልርዳህ» አላለውም። ለሰው የሚሰጥ ትልቁ ክብር አንዳንድ ጊዜ እጅን መሰብሰብ እንደሆነ፣ ያ ያልተማረ ሕዝብ ያውቅ ነበር።

በማግሥቱ ሙሜ ዳማውን በባዶ ኮርቻ እየሳበ አሰበ ተፈሪ ሲገባ ኃላፊው ከጽሕፈት ቤቱ ሮጦ ወጣ። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ወደቀ?»

«ማን? መምህር? ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሰም? ወጥቶ ይመለሳል አልነበረም ስምምነታችን?»

«ጠይቄው ነበር። ‹ተማሪ ተቀምጦ የምን ሽርሽር ነው› ብሎ አባረረኝ። ማስተማር ጀምሯል።»

ኃላፊው ባዶውን ኮርቻ አየ። «ደግፈኸዋል?»

«ወላሂ አልነካሁትም። ልነካው የፈለግሁበት ሰዓት ነበር፤ እሱ ግን አላስፈለገውም።»

ኃላፊው የሸሚዙን አንገት ቆለፈና «ምደባው ጸንቷል፤ ለባለቤቱ ራሴ እነግራታለሁ» ብሎ ከሙሜ ጋር ወደ ሞገስ ቤት አመራ። በመንገድ ላይ እንዴት አድርጎ በልስላሴ እንደሚነግራት ቃላት ሲመርጥ ነበር።

የሺሐረግ በሩን ከፈተችላቸው። ከኋላዋ ድስቱም፣ አልጋ ልብሱም፣ መጻሕፍቱም በጆንያ ተጠቅልለውና በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። ኃላፊው ንግግሩን ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን ተዉት» አለችው፣ መቀነቷን እያጠበቀች። «ሙሜ፣ ና ጫን።»