የሚለቅ ሙጫ

«ማነው ጫማዋን የነካው?»

ሕፃኗ በሩ ላይ ቆማ ስትጮህ ሳሎኑ ጸጥ አለ። የሻይ ብርጭቆ ወደ አፋቸው ያስጠጉ ሰዎች ሳይጠጡ መለሱት። ጫማዋ የምትለው የእናቷን ሰማያዊ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ የበሩ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች፤ እናቷ ስትመለስ ወዲያው እንድታጠልቀው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አዙራ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እየተደናቀፈበት ይገባል።

«እኔ ነኝ ፍንጭቴ፣ ይቅርታ። ይሄ ጉልበቴ እኮ አልታዘዝ ብሎኝ ነው» አሉ ጡረተኛው ጎረቤት። ከመጡ ጀምሮ የሚያወሩት ስለ ጉልበታቸው ነው።

አምስት ዓመቷ ነው። ከፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት የተነሣ ቤተሰቡ በሙሉ ፍንጭት ይላታል። ጫማውን አስተካክላ ቀና አለች።

«እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ትመጣለች የኔ ቆንጆ። ሩቅ መንገድ ሄዳ እኮ ነው» አሉ አያቷ ከሶፋው ጥግ። አጠገባቸው የተቀመጠች ልብስ ሰፊ ጎረቤት ራሷን በስምምነት ነቀነቀች። «ደግ አደረጉ» ስትል አንሾካሾከች፤ «ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች።»

አክስቷ ይህን የሰማችው ትሪ ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ ነው። ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሰምታ ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሷን ነክሳለች። ትሪውን አስቀመጠችና እናቷን፣ የፍንጭትን አያት፣ በዓይኗ ጠርታ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

«እማዬ፣ እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ?» አሉ እናቷ፣ የማድ ቤቱን በር ገርበብ እያደረጉ።

«መንገድ ሄዳለች የምትያት።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«ሕፃን ናት። አንጀቷ አይችለውም። ውሎ አድሮ ራሷ ትረሳዋለች።»

«እኔ ረሳሁት?»

እናቷ ከመደርደሪያው ላይ ንጹሕ ብርጭቆ አንሥተው ያጥቡ ጀመር።

የአክስትየዋ አባት ሲሞት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለሥራ ሩቅ ሄዷል አሏት። እሷም በርጩማዋን መስኮት ሥር አስጠግታ ሁለት ዓመት ጠበቀችው። የወለቀ ጥርሷን ሲመጣ ላሳየው ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችለት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ ገመድ ዝላይ ላይ የተጣላቻት ልጅ «አባትሽ እንደሆነ ሞቷል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው!» አለቻት። እየሮጠች ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያገኘችው እህቷን ነበር። እህቷ፣ አሁን የሞተችው የፍንጭት እናት፣ በአምስት ዓመት ትበልጣት ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

እህቷ መሬት መሬት አየች። «እማዬ አትንገሪያት አለችኝ።»

ያን ቀን አላለቀሰችም። ለአባቷ ማልቀሻው ጊዜ አልፎባት ነበር። የተረፋት ንዴት ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ አብሯት አለ።

«ያኔም ለእናንተው ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል» አሉ እናቷ ጀርባቸውን እንደሰጧት።

«እግዜርን እዚህ ውስጥ አታስገቢው። እሱ ዋሺ አላለሽም።»

በሩ ተከፈተና ፍንጭት ገባች። ደረቷ ላይ መጽሐፍ አቅፋለች።

«አክስቴ፣ ይሄ እዚህ ጋ አይገለጥም። እማዬ ስትመጣ እንድታነብልኝ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሄደችው ባለ ቀለም ጠመኔዋን ስለሰበርኩባት ነው? ደውይላትና ሁለተኛ አትሰብርም በያት።»

አክስትየዋ እናቷን አየች። እናቷ እያጠቡት ወዳለው ብርጭቆ አቀረቀሩ።

መጽሐፉን ተቀበለችው። ገና ጀርባውን ስትነካው አወቀችው፤ በራሷ እጅ የተጠረዘ ነው። መተዳደሪያዋ ይኸው ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተገነጠለ ትሰፋለች፣ የወለቀ ትለጥፋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት እህቷ ይህን ቀደም ሲል የጠረዘችላትን የሥዕል መጽሐፍ ይዛላት መጣች። የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ታሪኩ ስለ አንድ ልጅና ስላረጀ ውሻው ነው። መካከሉ ላይ ውሻው ይሞታል።

«ልጆቻችንን አስለቀሰቻቸው ብለው ወላጆች ከሰሱኝ» አለቻት። «ርዕሰ መምህሯ ገጹን ቅደጂው አለች። እጄ እምቢ አለኝ። ሁለቱን ገጾች እርስ በርስ ለጥፊልኝ፣ እንዳይታይ።»

«ዛሬም ልትደብቂ ነው? የአባዬ አልበቃሽም?» ጮኸችባት። ክፍሏ ውስጥ የነበረ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሹልክ ብሎ ወጣ።

እህቷ የመጽሐፉን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ «በዱቄት ሙጫ ይሁን» አለች።

«ለምን?»

«የሚለቅ ይሁን።»

ጠራዥ ሁሉ ያውቀዋል። የፕላስቲክ ሙጫ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፤ ላላቅቅህ ስትለው ወረቀቱን ይዞ ይቀደዳል። የዱቄት ሙጫ ግን እንፋሎት ሲያገኘው ይለቃል። በንዴት እየጨፈለቀች ለጠፈችላት፤ ስትሄድ ደህና ዋዪ እንኳ አላለቻትም። ከዚያ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ውሻው ይታመማል፤ ገጹ ሲገለጥ ልጁ አበባ ያጠጣል። መካከሉ የለም። እህቷ መስኮት ሥር ለጠበቀችባቸው ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ይቅር በይኝ ብላት አታውቅም። የሚለቅ ይሁን ብቻ ነው ያለቻት።

እና ለጥፋ የደበቀችውስ ማነች? ይኸው እሷው ናት።

ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣደችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ እናቷ።

«ልገልጠው።»

«በናትሽ…»

በሩ ላይ የእህቷ ባል፣ የፍንጭት አባት፣ ቆሟል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አምፖል ሲቀይር፣ ያልተበላሸ ማብሪያ ሲፈታ ነው የሰነበተው። «ተዪያት እማማ» አለ። «እኔ ሦስቴ ጀምሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ትንገራት።»

ውሃው ፈላ። ከእንፋሎቱ አንድ ጋት አራቀችና ገጾቹን አስጠጋች። የወረቀቱ ጠርዝ ሲለሰልስ ደነዝ የጠረጴዛ ቢላ አስገባችና ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ አደረገች። ፍንጭት ትንፋሿን ይዛ ታያለች። የውሻው የጅራት ጫፍ አልለቅ ብሎ ከወዲያኛው ገጽ ላይ ቀረ። ሌላው ተላቀቀ።

ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አክስትየዋ ጣቷን በፊደሎቹ ሥር እያስኬደች አነበበች።

«ውሻው ሞተ። ልቡ መምታት አቆመ። ልጁ ጠራው። ውሻው አልሰማም።»

«ተኝቶ ነው?»

«አይደለም። የተኛ ይነሣል። ይሄ ሞቷል፤ አይነሣም።»

«ነገስ?»

«ነገም። መቼም።» ጣቷን ከፊደሎቹ ላይ አነሣች። «እማዬም ሞታለች ፍንጭቴ። መንገድ አልሄደችም። በጣም ታመመች፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፣ ሊያድኗት አልቻሉም። ስለ ጠመኔ አይደለም። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ሕፃኗ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ በጡጫዋ ትከሻዋን መታቻት።

«ውሸታም! መንገድ ነው የሄደችው! ጫማዋን አስቀምጬላታለሁ!» ደገመቻት። አክስትየዋ እጇን አልያዘችባትም፤ ይህን ጡጫ ታውቀዋለች። «አያቴ! አያቴ፣ ንገሪያት! አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ?»

ከሳሎን ይሰማ የነበረው ሹክሹክታ ተቋረጠ። ጡረተኛው እንኳ ስለ ጉልበታቸው ማውራት ተዉ።

አያትየዋ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አላዩም፤ የልጅ ልጃቸውን ብቻ አዩ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ፍንጭት አልጮኸችም። ከሆዷ የወጣ የትልቅ ሰው የሚመስል ልቅሶ መጣ። አባቷ ወለሉ ላይ ወርዶ አቀፋት። ማንም «አይዞሽ፣ ዝም በይ» አላላትም። ለብዙ ጊዜ አለቀሰች።

ሲደክማት በሕቅታ መካከል እጇን ወደ መጽሐፉ ሰደደች፤ ልትዘጋው ነበር።

«ቆይ» አለች አክስቷ። «ገና እርጥብ ነው። አሁን ከዘጋነው መልሶ ይጣበቃል። እስኪደርቅ እንደተገለጠ መቆየት አለበት።»

ፍንጭት አሰበችበት። ከአባቷ እቅፍ ወጣችና በሆዷ ተኝታ፣ በጥርሶቿ ክፍተት በኩል በውሻው ላይ እፍ አለችበት። ሕቅ አለች። እንደገና እፍ አለች።

አያትየዋ ምድጃውን ተደግፈው በጭንቅ ተንበረከኩ። ጎንበስ ብለው በወዲያኛው ገጽ በኩል፣ የጅራቱ ጫፍ በቀረበት ቦታ ላይ፣ እፍ አሉ።

ጠራዧ እናቷን አየቻቸው። ንዴቷ እዚያው አለ፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን ለእናቷ ጉልበት ቦታ እንዲሆን፣ ትንሽ ጠጋ አለች።