ቃልሽን አንሺ

የጽዋ ማኅበር የሚመራውን ሰው ሙሴ ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። የእኛ የማርያም ማኅበር ሙሴ ጋሽ ወልደተንሣኤ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የአይሱዙ ሾፌር፣ ከአምስት ዓመት በፊት ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የመጣ ሰው ነው። ያ መሳለም ግን እስከ ዛሬ አላለቀለትም። ስለ ሽንኩርት ብታነሣበት ኢየሩሳሌም ገበያ ያየውን ሽንኩርት ያወራሃል። እንስቃለን እንጂ አንከፋበትም። ሰው ያየውን ያወራል፤ እኔም ደሴ ደርሼ በመጣሁ ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ ሰው አሰልችቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር ሃያ አንድ ተራው የእሱ ነበርና እሱ ቤት ተሰበሰብን። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ ነው የተቀመጥነው። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሽሮውና ስልጆው ቀርቧል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ጥግ ላይ በርቷል። ከጎኔ እትዬ ንጋቷ ተቀምጣለች። ጎረቤቴ ናት፤ በመካከላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፣ እሱም ቀዳዳ አለው። የበግ ጠጉር ፈትላ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እያሠራች ትሸጣለች። ይህ ብርዳችን ሲመጣ የከተማው ግማሽ በእሷ ክር ነው የሚያድረው።

ብርድ ልብስ ደግሞ አይታ ዝም ብላ አታልፍም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ በፈረሰ ቤት መካከል ሲሮጥ ቀና አለች። ክሩን ልታይ መስሎኝ ነበር። ያየችው ግን ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጣችውን ትንሽ እግር ነው።

«ይህን ያደረገ እጁ ይድረቅ!» አለች።

«ጋዛ ነው። እስራኤል ናት እኮ» አለ ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ስሕተቷን ቀስ ብሎ ሊያርማት እንደፈለገ።

«እንግዲያው እስራኤል እጇ ይድረቅ!»

እኔ የጎረስኩትን ሳላኝክ ዋጥኩ።

«ቃልሽን አንሺ» አለ ጋሽ ወልደተንሣኤ። «‹የሚባርኩህን እባርካለሁ፣ የሚረግሙህን እረግማለሁ› ተብሏል። ‹እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም› ተብሏል። በጽዋው ፊት እንዲህ ይባላል? ለመሆኑ እመቤታችን የየት አገር ሰው መሰለችሽ?»

«የናዝሬት።»

«ናዝሬት የት ናት?»

«ከሞጆ ቀጥሎ» አልኩ እኔ፣ ነገሩ ቢበርድ ብዬ። ማንም አልሳቀም።

«ስማኝ ወልደተንሣኤ» አለች እትዬ ንጋቷ። አብሮ አደጎች ናቸው፣ ጋሼ አትለውም። «ያን ጊዜ እስራኤል ውስጥ በበዓል ቀን ሰው ሲታረድ፣ አሮጊቶች ታፍነው ሲወሰዱ ያሳዩን ዕለትም አልቅሻለሁ። ያንን ያደረጉትንም ረግሜያለሁ። ያኔ ቃልሽን አንሺ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

«ያ ሌላ ነው።»

«እግሯ ግን የሕፃን እግር ናት» አለችና ነጠላዋን አጣፋች።

ቀጣይዋ ተረኛ እሷ ነበረች። በልማዳችን ማኅበሩ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በመዝሙር ታጅቦ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል፤ ወር ሙሉ እዚያ ይቀመጣል። ያን ቀን ጋሽ ወልደተንሣኤ ጽዋውን አንሥቶ ቁም ሣጥኑ ላይ መለሰው። «ቃሏን እስክታነሣ እዚሁ ይቆይ» አለ። በተንኮል አልነበረም፤ ለማኅበሩ ፈርቶ ነው።

እትዬ ንጋቷ ገርጥታ ወጣች። ለምን እንደገረጣች አውቃለሁ። ልጇ ሊያ እርጉዝ ናት፤ ቀኗ ደርሷል። ባለፈው ዓመት የወለደችውን በሦስተኛው ቀን ቀብራለች። እናትየዋ ያን ጽዋ ቤቷ እንዲገባ ስትቆጥር የከረመችው ለዚህ ነበር። «ማርያም ቤቴ ገብታ ሳለች ሞት አይደፍርም» እያለች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ በአጥሩ ቀዳዳ በስሜ ጠራችኝ። ውርጩ መሬቱን ጨው የነሰነሱበት አስመስሎታል።

«ይስማው፣ እጄን ንካው።»

ቀኝ እጇን በቀዳዳው አሾለከች። ነካሁት።

«ምን ተሰማህ?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«እኔ ምንም አልተሰማኝም» አለች። «ከእንቅልፌ ስነሣ ደንዝዟል። እጇ ይድረቅ ብዬ የኔው ደረቀ።»

«እትዬ ንጋቷ፣ አርባ ዓመት እንዝርት ያሾረ እጅ አይደንዝዝ? የኔ እግር ወንበር ላይ ስቀመጥ ይደነዝዛል፤ ማንንም አልረገምኩም።»

«ለእጁ አይደለም የፈራሁት። እጁ መልእክተኛ ነው። ከእጅ ቀጥሎ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችና ወደ ሊያ ክፍል በአገጯ አመለከተችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ያ ቤት እንቅልፍ አጣ። ሊያ ቀኗን በሰባት ቀን አሳለፈች። ሐኪሞቹ አይተው፣ «ደህና ነው፣ ዓርብ ተመለሺ፤ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ግን ቶሎ ነይ» ብለዋታል። እናትየዋ ይህን ከሰማች በኋላ በየሰዓቱ «ተንቀሳቀሰ?» ትላለች። ሊያ «አዎ» ስትል አታምናትም፤ ዝም ስትል ትጮኻለች። አማችዋ አለምነህ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ መጠለያ ሳለ ነው ሊያን ያገባው፣ ብዙ ያየ ዝምተኛ ልጅ ነው። እሱ እንኳ «እማማ፣ እባክሽ እኔን ጠይቂኝ፣ እሷን ተያት» አላት።

«ታዲያ ሄደሽ ቃሌን አንሥቻለሁ በዪውና ጽዋውን አታመጪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ብዬ?»

«ብለሽ ነዋ። አፍ ነው፣ ኪራይ አይከፈልበት።»

«በማርያም ጽዋ ፊት እንድዋሽ? ያየሁትን አላየሁም ልበል? ውሸት ይዤ ለምጥ ማርያምን ልጥራት?»

ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ይህ ከባድ ነው። ብቻ ፍርሃቷ ሁለት አፍ እንዳለው ቢላዋ መሆኑ ገባኝ። ቃሏን ብታነሣ ዋሽታለች፤ ባታነሣ ተረግማለች። በመካከል የልጅ ልጇ አለ።

በዘጠነኛው ቀን አላስቻላትም። የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ጻድቅ አንኮበር ናቸው፤ የወላጆቿ አገር እዚያ ነው። «ጠዋት ሄደን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን፣ አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። ሚኒባሱ ከከተማ ከወጣ በኋላ ጭጋጉ ዋጠን። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ እንደ ኤሊ ይሄዳል። እሷ ስልኳን በግራ እጇ ይዛ ኔትወርኩን ትቆጥራለች። «ሁለት ሆነ። አንድ ሆነ። ይስማው፣ ጠፋ።»

ቄስ ገብረ ጻድቅን የወደቀ አጥራቸውን በገመድ ሲያስሩ አገኘናቸው። ኑዛዜ ነውና ራቅ ልል ስል ያዘችኝ።

«አባ፣ ይስማው።»

«ስሙ ነው ወይስ ፈቃድሽ?»

«ሁለቱም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። የሕፃኗን እግር፣ እርግማኑን፣ ጽዋውን፣ እጇን፣ ሊያን። ቄሱ ገመዱን ሳይለቁ ሰሟት።

«ዛሬ ጾመሻል?» አሏት።

«አዎ አባ።»

«የማንን ጾም?»

«የነቢያትን።»

«ነቢያት ማንን ሲገሥጹ ነው የኖሩት? የፋርስን ንጉሥ ብቻ ነው? ኤልያስ ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ በአክዓብ ፊት ቆሞ ‹ገደልህ፣ ደግሞም ወረስህ› አለው። አክዓብ የማን ንጉሥ ነው?»

«የ... እስራኤል» አለች እትዬ ንጋቷ።

«ታዲያ ኤልያስ ተረገመ?»

«በእሳት ሠረገላ ዐረገ» አልኩ እኔ፣ እንደ ሰንበት ተማሪ።

«በቅዳሴያችን እስራኤል ስንል» አሉ ቄሱ፣ «እስራኤል ዘነፍስን ነው፤ የተጠመቀውን ሁሉ። አንቺም አለሽበት። እስራኤል ዘሥጋ ደግሞ ሕዝብ ነው። እንደ ማንኛውም ሕዝብ ጻድቅም ኃጥእም አለበት፤ ይወደዳል እንጂ አይጠላም። መንግሥት ግን መንግሥት ነው፣ ልጄ። የትም ይሁን የት፣ ሲያጠፋ አጠፋ ይባላል። ለመንግሥት ሥራ አሜን ያላለ ክርስቲያን አይደለም የሚል ትምህርት እኔ አልተማርኩም።»

ትከሻዋ ወረደ። ወዲያው ግን ጣታቸውን አነሡ።

«እጇ ይድረቅ ስትዪ የማንን እጅ ማለትሽ ነው? እዚያም ልጇን የምታጥብ እናት አለች። የጣልሽው በእሷም ላይ ነው። እርግማኑን አንሺ። ልቅሶውን አታንሺ። ሰባት ቀን አርባ አርባ ስገጂ።»

«በዚህ እጅ?»

«በጉልበትሽ።»

«ሊያስ አባ? በእሷ ላይ አይመጣም?»

«እግዚአብሔር የአያትን ምላስ በልጅ ልጅ አንገት ላይ አያንጠለጥልም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቀኗ ያለፈ እርጉዝ ትተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ!»

መንገዱ ላይ ስንወጣ ስልኳ ነቃ። አለምነህ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። መልሳ ስትደውል እኔም ድምፁን ሰማሁ። «እማማ፣ ሐኪም ቤት ነን። የሕፃኑ የልብ ምት ወርዷል አሉ። ኦፕራሲዮን...» አለና ተቋረጠ።

ስለ መልሱ ጉዞ የምነግራችሁ የለኝም። ጭጋጉ እንደዚያው ነበር። እሷ አርባውን ስግደት መቀመጫው ላይ ሆና በጭንቅላቷ ብቻ ሰገደች፤ ግንባሯ የፊቱን ወንበር ሲነካ እቆጥር ነበር። «እዚያም ላለችው እናት» ትላለች በየመካከሉ፣ «ለእሷም እጇን ባርክላት።» የፊተኛው ተሳፋሪ ዞሮ አያትና መልሶ ይዞራል።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አለምነህ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከአጠገቡ ጋሽ ወልደተንሣኤ። ልብሱ ሁሉ የስንዴ አቧራ ነው። ለካ ምጡ ድንገት ሲመጣ አለምነህ አስፋልት ላይ ወጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ፣ ከእነዋሪ ከተማ ስንዴ ጭኖ የሚመጣውን አይሱዙ ነው ያስቆመው። ጋሽ ወልደተንሣኤ ጭነቱን ሳያራግፍ ሊያን ጋቢና ጭኖ በጥሩምባ ከተማውን አቋርጦ አመጣት።

እትዬ ንጋቷ አየችው፤ አያት። እሷ በሩ ሥር ተቀመጠች። እሱ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

«ይስማው» አለኝ በሹክሹክታ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። «ጽዋውን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን... እኔ እሆን እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቀልድበት ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዷ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ አንዱ በወዲያኛው ሰፈር ተቀምጠው አንዱን ሕፃን ሁለቱም የገደሉት እየመሰላቸው ኖረዋል። ከትከሻው ላይ የስንዴውን አቧራ አራገፍኩለት።

በሩ ተከፈተ። አዋላጇ ጭንብሏን ዝቅ አደረገች። «ሴት ናት» አለች። «ትንሽ አስፈራርታን ነበር፤ አሁን ታለቅሳለች። እናትየዋም ደህና ናት።» «ስሙ» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ መጣ። አለምነህ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከቆይታ በኋላ አስገቡን። ጋሽ ወልደተንሣኤ ባርኔጣውን አውልቆ በአልጋው ግርጌ ቆመ፤ የወለደች ሴት የሚባለውን አላት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«እሷ ታኑርልኝ» አለች ሊያ፣ በደከመ ድምፅ።

እትዬ ንጋቷ ሕፃኗ ላይ ካቀረቀረችበት ቀና አለች። «ወልደተንሣኤ፣ እኔንስ?»

«አንቺ ደግሞ ምን ወለድሽ?»

«ዘጠኝ ቀን አማጥኩ እኮ!»

ሊያ እንኳ ስፌቷን ይዛ ሳቀች። እትዬ ንጋቷ ግን አልሳቀችም። «እርግማኑን አንሥቻለሁ» አለችው። «ለዚያች አገር እናቶችም ሰግጃለሁ። ልቅሶዬን ግን አላነሣሁም፤ አላነሣምም። ይህን ይዤ ክርስቲያን ከሆንኩ ንገረኝ፤ ካልሆንኩም አሁኑኑ ንገረኝ።»

ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። ትክክል ነሽ አላለም፤ የሚለውም ሰው አይደለም። ኢየሩሳሌምን ያየ እሱ ነው። ሕፃኗን አየ። ከፎጣው ጫፍ የወጣች ትንሽ እግር አለች፤ ብርድ እንዳይነካት ብሎ በአውራ ጣቱ መልሶ ሸፈናት።

«ይስማው» አለኝ ዘወር ሳይል። «ጋቢናው ውስጥ ነው። ቀስ ብለህ አምጣው።»

ወርጄ ጋቢናውን ከፈትኩ። ጽዋው በነጭ ጨርቁ እንደተሸፈነ ተቀምጧል፤ እንዳይወድቅ ቀበቶ ታስሮለታል። ለካ ወደ እነዋሪም ይዞት ሄዶ ኖሯል። ስንት ቀን እንዳዞረው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ይዤ ስገባ ተቀበለኝና ዘረጋላት። በግራዋ ልትቀበል ስትል አፈገፈገ።

«በቀኝሽ!»

«እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አላልክም? የኔ እጅ ግን ተኝቷል» አለች። «እንዳይወድቅብኝ፣ ከሥሩ ደግፈው።»

ደገፈው።